ምርመራና ምርምር፦ አውራ ጣታችንን ከማኖራችን በፊት

 

የዛሬው ጽሑፌ ረዘም ይላል። ቡና አፍልታችሁ፣ ረጋ ብላችሁ አንብቡት። ሰሞኑን ስልኬ እረፍት አጥቷል። አንድ የጤና ጥናት ቡድን ወደ ሰፈራችን ሊመጣ ነው፤ ደም ይወስዳል፣ ጥያቄ ይጠይቃል፣ ወረቀት ያስፈርማል። ሁላችሁም የምትጠይቁኝ አንድ ነገር ነው፦ «እንፈርም ወይስ አንፈርም?» ግማሹ ሰው «ደማችንን ሊሸጡት ነው፣ እንዳትጠጉ» ይላል። ሌላው ደግሞ «ፈርሙ፣ ስማችሁ ዩኤን ዘንድ ይገባል፣ ኬዛችሁ ይንቀሳቀሳል» ይላል። ሁለቱም ወሬ ነው። ወሬን የሚያሸንፈው ታሪክ ስለሆነ ታሪኩን ልንገራችሁ። ከዚህ በታች ያሉት ዓመተ ምሕረቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

አስቀድሜ ግን የራሴን ጥፋት ልናገር። የሌላውን ገመና አውጥቶ የራስን መደበቅ ነውር ነው።

ናይሮቢ በገባሁ በሁለተኛው ዓመት ሥራ አልነበረኝም። እንግሊዝኛ ስለምችል አንድ የጥናት ቡድን በቀን ሂሳብ አስተርጓሚ አድርጎ ቀጠረኝ። ኢስሊ ውስጥ ቤት ለቤት እየዞርን ደም እንሰበስብ ነበር። ወረቀቱ በእንግሊዝኛ ነው፤ እኔ በቃል ወደ አማርኛ እመልሳለሁ፤ ሰው ይፈርማል፣ መጻፍ የማይችል ደግሞ በአውራ ጣቱ ያትማል። አንድ ቀን ሰፈሩ ሁሉ «እትዬ» ከሚላቸው እናት ቤት ደረስን።

«ምን ይላል ልጄ ወረቀቱ?» አሉኝ።

«ነፃ ምርመራ ነው እትዬ። ትንሽ ደም ይሰጣሉ፣ ጥቂት ጥያቄ ይመልሳሉ፣ በቃ።»

«ለኬዜስ ይጠቅመኛል?»

«አይጎዳም» አልኳቸው።

እትዬም አውራ ጣታቸውን አኖሩ። እንግዲህ ልብ በሉ። ወረቀቱ የሚለው ምርምር ነው፤ እኔ ያልኩት ምርመራ ነው። በአማርኛ ሁለቱ ቃላት ከአንድ ሥር የወጡ ወንድማማቾች ናቸው፤ ሥራቸው ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል። ምርመራ ላንተ ነው፦ ሐኪሙ ደምህን አይቶ ምን እንዳመመህ ይነግርሃል። ምርምር ለዕውቀት ነው፦ ደምህ ከብዙ ሰው ደም ጋር ተደምሮ ስለ ሕዝቡ አንድ ነገር ይነግራል፤ ላንተ ምንም ላይነግርህ ይችላል። ወረቀቱም የእያንዳንዱ ሰው ውጤት ለባለቤቱ እንደማይሰጥ በግልጽ ይናገር ነበር። እኔ ያን መስመር ዘልዬዋለሁ። ያን ቀን ብዙ ቤት ይቀረን ነበር።

እትዬ ወራት ሙሉ መንገድ ላይ ሲያገኙኝ «ውጤቴ አልመጣም?» ይሉኝ ነበር። ኋላ መጠየቃቸውን ተዉ። «ደሜን አይተውታል፣ ክፉ ነገር ቢኖር ይነግሩኝ ነበር» ብለው ደመደሙ። እግራቸው ላይ የወጣው ቁስል አልድን ሲል እንኳ ሐኪም ቤት ለመሄድ ቆዩ። ሲሄዱ ስኳር በሽታ ነው ተባሉ፤ ሁለት የእግር ጣታቸው ተቆረጠ። በሽታውን እኔ አላመጣሁትም። መዘግየቱን ግን እኔ በአንድ ቃል አመጣሁት።

ከዚያ በኋላ ነው ይህን ጉዳይ ማንበብ የጀመርኩት። ያ የፈረሙት ወረቀት ከየት መጣ? «የሥነ ምግባር ገምጋሚ ኮሚቴ አጽድቆታል» የሚለው ማኅተምስ ማን ነው የፈጠረው?

ታሪኩ የሚጀምረው ከጀርመን ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በኑረምበርግ ከተማ 23 ሰዎች ፍርድ ቤት ቀረቡ፤ አብዛኞቹ ሐኪሞች ነበሩ። በእስር ካምፖች ውስጥ በነበሩ ሰዎች ላይ፣ ያለ ፈቃዳቸው፣ በበረዶ ውኃ እያቀዘቀዙ፣ በሽታ ሆን ብለው እየሰጡ «ጥናት» አድርገው ነበር። በ1947 ፍርድ ሲሰጥ 16ቱ ጥፋተኛ ተባሉ፣ ሰባቱ ሞት ተፈረደባቸው። ዳኞቹ በፍርዳቸው ውስጥ አሥር ነጥቦች አሰፈሩ፤ የኑረምበርግ ሕግ ይባላል። የመጀመሪያው ነጥብ በሰው ላይ ጥናት ለማድረግ ሰውየው ወዶና አውቆ መፍቀድ አለበት የሚል ነው። ሌላው ነጥብ ደግሞ ተሳታፊው በቃኝ ብሎ መውጣት እንዲችል ያዛል።

ጥሩ ሕግ ነው። ችግሩ ብዙ ሐኪሞች «ይህ ለናዚ አረመኔዎች እንጂ ለእኛ አይደለም» ብለው አለፉት። ያን ጊዜ አሜሪካ ውስጥ አንድ ነገር እየተካሄደ ነበር።

በአላባማ ግዛት፣ ቱስኪጊ በምትባል ከተማ ዙሪያ ባለ ገጠር፣ በ1932 የአሜሪካ የሕዝብ ጤና አገልግሎት አንድ ጥናት ጀመረ። 600 ጥቁር ወንዶች ተመዘገቡ፤ አብዛኞቹ በሰው መሬት ላይ በእኩል የሚያርሱ ድኾች ነበሩ። 399ኙ ቂጥኝ ነበረባቸው፣ 201ዱ አልነበረባቸውም። ቂጥኝ እንዳለባቸው አልተነገራቸውም፤ «መጥፎ ደም አለባችሁ» ነው የተባሉት። የጥናቱ ዓላማ በሽታው ሳይታከም ሲቀር ሰው ላይ ምን እንደሚያደርግ እስከ መቃብር ድረስ መከታተል ነበር። ከአከርካሪያቸው ፈሳሽ ሲቀዱ ለሰዎቹ የተላከው ደብዳቤ «ልዩ ነፃ ሕክምና» ይለው ነበር። ነፃ ምርመራ ነው እትዬ! ይህን ባነበብኩ ቀን መጽሐፉን ዘግቼ ወጣሁ።

ፔኒሲሊን በ1940ዎቹ አጋማሽ የቂጥኝ ፍቱን መድኃኒት ሆኖ ተገኘ። ሰዎቹ ግን እንዳያገኙት ተደረገ። ምግብ፣ መጓጓዣ፣ ለቀላል ሕመም የሚሆን መድኃኒት ይሰጣቸው ነበር፤ ሲሞቱም አስከሬናቸው ከተመረመረ የቀብር ወጪ ይሸፈንላቸዋል። ለድኃ ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። እኛ ስደተኞች ይህን ለማንም ማስረዳት አያስፈልገንም።

ሰዎቹን ከሐኪሞቹ ጋር ታገናኝ የነበረችው ዩኒስ ሪቨርስ የምትባል ጥቁር ነርስ ናት። ሰዎቹ የሚያምኗት፣ በመኪናዋ የምታመላልሳቸው፣ ቤተሰባቸውን የምትጠይቅ። ሐኪሞቹ በየጊዜው ይቀያየራሉ፤ እሷ ግን ለአሥርት ዓመታት ቆየች። ታሪክ ጸሐፊዎች ስለ እሷ እስከ ዛሬ ይከራከራሉ። እኔ ልፈርድባት አልችልም። የእሷን ወንበር አውቀዋለሁና። አስተርጓሚ ሁሉ፣ የማኅበረሰብ ጤና ሠራተኛ ሁሉ የሚቀመጥበት ወንበር ነው፦ ወገንህ የሚያምነው ወረቀቱን ሳይሆን አንተን ነው።

ይህን ጥናት ማን አስቆመው? ይህን የማያውቅ ብዙ ነው፤ ለእኛ ግን ከሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው። ያስቆመው የስደተኛ ልጅ ነው።

ፒተር ባክስተን በ1937 ፕራግ ውስጥ ተወለደ። አባቱ አይሁዳዊ ነበር፤ ቤተሰቡ ልጁ ገና ሕፃን ሳለ ናዚዎችን ሸሽቶ አሜሪካ ገባ። አድጎ ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ በዚያው በሕዝብ ጤና አገልግሎት የአባላዘር በሽታ ጉዳይ ሠራተኛ ሆኖ ተቀጠረ። ዶክተር አልነበረም፣ አለቃም አልነበረም። የሥራ ባልደረቦቹ ስለ ቱስኪጊ ሲያወሩ ሰማ፣ ሰነዱን አስልኮ አነበበ፣ ናዚ ሐኪሞች ከሠሩት ጋር አነጻጸረው። በ1966 ለአለቆቹ ደብዳቤ ጻፈ። ጠርተው ተቆጡት። በ1968 እንደገና ጻፈ።

በ1969 አለቆቹ አንድ ኮሚቴ ሰበሰቡ። አዎ፣ ኮሚቴ! ሐኪሞች ተቀመጡ፣ ጉዳዩን ተወያዩበት፣ ጥናቱ እንዲቀጥል ወሰኑ። ከሰዎቹ አንድ እንኳ በዚያ ክፍል ውስጥ አልነበረም። የሚገርመው ደግሞ ይኸው መሥሪያ ቤት በ1966 በእሱ ገንዘብ የሚሠራ የሰው ጥናት ሁሉ በቅድሚያ በኮሚቴ እንዲታይ መመሪያ አውጥቶ ነበር። መመሪያው መሳቢያ ውስጥ፣ ቱስኪጊ ሜዳ ላይ።

ባክስተን መሥሪያ ቤቱን ለቅቆ ከወጣም በኋላ ዝም አላለም። ሰነዱ ጂን ሄለር የተባለች የአሶሺየትድ ፕሬስ ጋዜጠኛ እጅ ደረሰ፤ በሐምሌ 1972 ዜናው ወጣ። በዚያው ዓመት ጥናቱ ቆመ። አርባ ዓመት! ብዙዎች ሞተዋል፣ ሚስቶች በበሽታው ተይዘዋል፣ ከበሽታው ጋር የተወለዱ ልጆች ነበሩ። በ1974 የአሜሪካ ምክር ቤት የምርምር ሕግ አወጣ፤ ገምጋሚ ኮሚቴም በሕግ ግዴታ ሆነ። ፕሬዚዳንት ክሊንተን በመንግሥት ስም ይቅርታ የጠየቁት ግን በ1997 ነው፤ ያኔ በሕይወት የቀሩት ስምንት ሰዎች ብቻ ነበሩ።

ከዚያ ሕግ የተቋቋመ ኮሚሽን በ1979 የቤልሞንት ሪፖርት የሚባለውን አወጣ። ሦስት መሠረት አለው። አንደኛ፣ ሰውን ማክበር፦ ራሱ ይወስን፣ መወሰን የሚከብደው ይጠበቅ። ሁለተኛ፣ ጥቅሙን ማብዛት፣ ጉዳቱን መቀነስ። ሦስተኛ፣ ፍትሕ፦ ሸክሙን ድኃ ተሸክሞ ፍሬውን ሀብታም አይብላ። በሌላ በኩል የዓለም ሐኪሞች ማኅበር በ1964 ሄልሲንኪ ላይ ያወጣው መግለጫ በ1975 ሲሻሻል የጥናቱ ዕቅድ ለገለልተኛ ኮሚቴ መቅረብ አለበት አለ።

እንግዲህ ኮሚቴው ምን ይሠራል? ተመራማሪው ሰው ከመንካቱ በፊት ዕቅዱን በሙሉ ያቀርባል፦ ምን ሊጠና ነው፣ ማን ይመረጣል፣ ለምን እነሱ ተመረጡ፣ ምን አደጋ አለው፣ ሰው ቢጎዳ ማን ያክማል፣ ምስጢር እንዴት ይጠበቃል፣ ደሙ የት ይቀመጣል፣ የስምምነት ወረቀቱ በሰዎቹ ቋንቋ አለ ወይ። አባላቱ ሐኪሞች ብቻ መሆን የለባቸውም። በአሜሪካ ሕግ ቢያንስ አምስት አባላት ያስፈልጋሉ፤ አንዱ የሳይንስ ሰው ያልሆነ፣ አንዱ ከተቋሙ ጋር ንክኪ የሌለው መሆን አለበት። በጥናቱ ጥቅም ያለው አባል በዚያ ጉዳይ ላይ ድምፅ አይሰጥም። ኮሚቴው ያጸድቃል፣ «አስተካክለህ ተመለስ» ይላል፣ ወይም ይከለክላል። ካጸደቀም በኋላ ከባድ ጉዳት ሲደርስ ሪፖርት ይቀበላል፤ ጥናቱን ማገድም ይችላል።

«ይህ የፈረንጅ ሀገር ነው፣ አፍሪካስ?» ትሉኝ ይሆናል። ወደ ካኖ እንሂድ።

በ1996 በሰሜን ናይጄሪያ፣ ካኖ፣ ከባድ የማጅራት ገትር ወረርሽኝ ገባ። ፋይዘር ኩባንያ ትሮቫን የተባለ አዲስ መድኃኒቱን በ200 ሕፃናት ላይ ሞከረ፤ ለመቶው አዲሱን፣ ለመቶው የታወቀ መድኃኒት ሰጠ። 11 ሕፃናት ሞቱ፤ አምስቱ አዲሱን፣ ስድስቱ የታወቀውን የወሰዱ ናቸው። ወላጆች «ሙከራ እንደሆነ አልተነገረንም» አሉ። ኩባንያው ወላጆች በቃል ፈቅደዋል፣ መድኃኒቱም ሕይወት አድኗል ብሎ ተከራከረ። የሆስፒታሉ የሥነ ምግባር ኮሚቴ አጽድቆታል የሚል ደብዳቤም ቀረበ። በኋላ ግን የሆስፒታሉ ኃላፊ በዚያን ጊዜ ኮሚቴ የሚባል ነገር እንዳልነበረ ለዋሽንግተን ፖስት ጋዜጣ ተናገሩ፤ ደብዳቤውም ወደ ኋላ ቀን ተጽፎበት የተዘጋጀ መሆኑ ተዘገበ። ክርክሩ ዓመታት ፈጅቶ በ2009 ከካኖ ክልል ጋር በ75 ሚሊዮን ዶላር ስምምነት ተቋጨ።

ታሪኩ እዚያ አላበቃም። በ2003 ካኖና ሌሎች የሰሜን ናይጄሪያ ክልሎች የፖሊዮ ክትባትን አገዱ። ምክንያቱ ብዙ ነው፤ የ1996ቱ ቁስል ግን አንዱ ነበር። ከዚያ የተነሣው ቫይረስ ከሀገር ሀገር ተሻግሮ፣ ሱዳንን አቋርጦ፣ እስከ ሀገራችን ኢትዮጵያ ደረሰ። የማያውቁት ልጆች አካል ጉዳተኛ ሆኑ። ስለዚህ «ሁሉም ሌባ ነው፣ ማንም እንዳይጠጋን» ማለትም ዋጋ ያስከፍላል። ያንን ዋጋ የሚከፍሉት ደግሞ ልጆች ናቸው።

ጥሩ ምርምርም አለና ፍርደ ገምድል አንሁን። እዚሁ ኬንያ፣ ኡጋንዳና ታንዛኒያ ውስጥ ከ3 ሺህ በላይ በጠና የታመሙ ሕፃናት የተካተቱበት ፊስት የተባለ ጥናት ነበር። የደም ዝውውሩ ለተዳከመ ትኩሳታም ሕፃን በደም ሥር ፈሳሽ በፍጥነት መስጠት ያድናል ተብሎ ይታመን ነበር። በ2011 መረጃውን የሚከታተለው ገለልተኛ ኮሚቴ ቁጥሩን ሲያይ ፈሳሹን በፍጥነት ያገኙት ሕፃናት የበለጠ እየሞቱ መሆኑን ተመለከተ፤ አዲስ ሕፃን ማስገባት ቆመ። የሞቱት ከመቶ ሰባት ገደማ የነበሩት ፈሳሹን በፍጥነት ባላገኙት ዘንድ ሲሆን፣ ባገኙት ዘንድ ከመቶ አሥር በላይ ነበሩ። ያ ጥናት ባይደረግ ኖሮ በደግ ልብ የሚሰጥ ሕክምና ልጆች ሲገድል ማንም ሳያውቅ ይቀጥል ነበር።

ወደ እኛ እንመለስ። ኬንያ ውስጥ ጥናት የሚያደርግ ሁሉ ናኮስቲ ከሚባለው የሀገሪቱ የሳይንስ ኮሚሽን ፈቃድ ማውጣት፣ በታወቀ የሥነ ምግባር ኮሚቴም መታየት አለበት። ኡጋንዳም የሳይንስና ቴክኖሎጂ ብሔራዊ ምክር ቤት አላት። የዓለም አቀፉ የሕክምና ሳይንስ ድርጅቶች ምክር ቤት በ2016 ባወጣው መመሪያ ለጉዳት ሊጋለጡ ይችላሉ ብሎ ከዘረዘራቸው ውስጥ ስደተኞች አሉበት። ይህ ማለት ስደተኛ አይጠና ማለት አይደለም። ስደተኛ «እምቢ» ለማለት የሚፈራበት ብዙ ምክንያት ስላለው፣ ተጨማሪ ጥበቃ ይደረግለት ማለት ነው።

ኮሚቴው ግን ቢሮ ውስጥ ነው ያለው። የእኔና የእትዬን ንግግር አልሰማም። እነሱ ያጸደቁት ወረቀት ደህና ነበር፤ የተበላሸው እኔ አፍ ላይ ነው። ከወረቀቱ ግርጌ ቅሬታ ያለው ሰው የሚደውልበት የኮሚቴው ስልክ ቁጥር ነበር። እሱንም አላነበብኩላቸውም። ስለዚህ የመጨረሻው ገምጋሚ እናንተ ናችሁ። ይህን ጠይቁ፦

1. ይህ ምርመራ ነው ወይስ ምርምር? ውጤቱ ለእኔ ይነገረኛል?

2. የትኛው ኮሚቴ አጸደቀው? ደብዳቤውን አሳዩኝ። ስልኩስ የታለ?

3. እምቢ ብል፣ ወይም መሐል ላይ ባቋርጥ ምን እከለከላለሁ? ትክክለኛው መልስ «ምንም» ነው። ራሽንም፣ ሕክምናም፣ ኬዝም አይነካም። ብትፈርሙም ኬዛችሁ አይፈጥንም።

4. ብጎዳ ማን ያክመኛል?

5. ደሜና ስሜ የት ይቀመጣል? ሌላ ጥናት ላይ ይውላል?

6. ወረቀቱን በቋንቋዬ አንብቡልኝ፤ ቅጂውንም ስጡኝ።

የመጓጓዣ ሺሊንግ መቀበል ነውር የለውም፤ የሄዳችሁበት ነው። ሺሊንጉ ግን ጥያቄያችሁን እንዳይገዛው። አስተርጓሚ የሆናችሁ ወንድምና እህቶቼ ደግሞ፣ ያልገባችሁን አትተርጉሙ። «ይቺን መስመር አልገባኝም» ማለት ከሥራ አያስወጣም፤ ቢያስወጣም ይሻላል።

ባለፈው ሳምንት አዲሱ ቡድን የሰፈሩን ሰዎች ሰብስቦ ነበር። እትዬ በምርኩዝ መጡ፣ ከፊት ተቀመጡ። ያኔ የሠራሁትን ነግሬያቸው ይቅርታ ከጠየቅኳቸው ቆይቷል። «አንተም ልጅ ነበርክ፣ ተርበህ ነበር» ነው ያሉኝ፤ እኔ ግን አልረሳሁትም። ገለጻው ሲያልቅ እጃቸውን አወጡ።

«ደሜን ስትወስዱ ውጤቱን ለእኔ ትነግሩኛላችሁ ወይስ አትነግሩኝም?»

ቡድኑ እርስ በርሱ ተያየ። መሪዋ በሐቅ መለሰች፦ የአንዳንዱን ምርመራ ውጤት ይናገራሉ፣ የአንዳንዱን አይናገሩም።

«እንግዲያው የማትነግሩኝን በአማርኛ ከላይ፣ በመጀመሪያው መስመር ጻፉት» አሉ እትዬ።

መሪዋ ወረቀቱን ለመለወጥ ወደ ኮሚቴው መመለስ እንዳለባቸው፣ ያም ጊዜ እንደሚወስድ አስረዳች። እትዬም «እኛ የትም አንሄድም፣ እንጠብቃለን» አሉ። አዳራሹ ሳቀ። ወረቀቱ ተመልሶ ሄዷል፤ ሲመጣ እዚሁ እነግራችኋለሁ። እትዬ ይፈርሙ እንደሆነ ጠይቄያቸው ነበር። «መጀመሪያ ልስማው» ነው ያሉኝ።

እናንተም መጀመሪያ ስሙት። ለማያነቡ እናትና አባቶች አንብቡላቸው።

ቸር ያሰማን። ሰላም ሁኑ ወገኖቼ።